ያለ ፈቃድ የተሰጠ አንድ ማንኪያ ስኳር

ለክቡር የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
በያሉበት

ጉዳዩ፡- ከተቃጠለ ቆሽት የመነጨ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም እስከ ዛሬ ያለ አንዳች እንከን ለሚያገለግልዎ ቆሽትዎ ያለኝን የከበረ ሰላምታ አቀርባለሁ። ቆሽትዎን ለይቼ የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ ትንሽ ሥጋ ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር እያመነጨ የበሉት ሁሉ ጉልበት እንዲሆንዎ ሲደክም ይውላል፤ እርስዎም አንድም ቀን አመስግነውት እንደማያውቁ እገምታለሁ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎ የሆነችው የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ቆሽት ግን ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ አቁሟል። የእኔ ደግሞ ከጥቂት ወራት ወዲህ እያረረ ነው። በቤታችን አንድም የረባ ቆሽት ስለሌለ የእርስዎ እንዲበረታ ከልብ እመኛለሁ።

ክቡርነትዎ በመልክ ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ ቢሮዎ ገብቶ የሚያለቅስ ወላጅ ብዙ ነውና። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከመሥሪያ ቤቶቹ አጠገብ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና «ረ» የምትለዋ ፊደል የምትነክስባት አሮጌ የጽሕፈት መኪና አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ብሶት ሳሳምር፣ ስድብን ወደ «ቅሬታ»፣ ልቅሶን ወደ «አቤቱታ» ስቀይር ኖሬአለሁ። ለራሴ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነውና፣ ከአክብሮት መስመር የወጣ ቃል ቢያገኙ የልምድ ማነስ መሆኑን ተረድተው ይለፉኝ።

ለልጄ ያደረጉት ውለታ የበዛ ስለሆነ፣ አንዱ ከአንዱ እንዳይምታታ በተራ ቁጥር ማስቀመጡን መርጫለሁ።

፩. ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን የሐኪሟን ደብዳቤ ይዤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ደብዳቤው ሰባት መስመር ነው። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት መርፌ እንደምትወጋ፣ ስለዚህም ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የግድ አንድ ነገር መቅመስ እንዳለባት፣ ስኳሯ ከፍ ሲል ውሃ ውሃ እንደሚላትና ሽንት ቤት እንደምትመላለስ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ እንደሚያልባት፣ እንደምትንቀጠቀጥና የምትናገረው እንደሚጠፋባት ይናገራል። የመጨረሻው መስመር በደማቁ ተጽፏል፤ «ይህን ምልክት ሲያዩ ወዲያውኑ ስኳር ይስጧት፤ አይጠይቋት፤ ብቻዋን አይተዉአት»። ክቡርነትዎ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች በዓይንዎ ዳሰሱት፤ ማኅተም አንሥተው «ደርሷል» ብለው መቱበት፤ አቃፊ ውስጥ ከተው ካቢኔ ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያም ፈገግ ብለው «አይዞዎት እናት፣ ልጅዎ ልጃችን ናት» አሉኝ። እኔም ሞኟ፣ ደረጃውን ስወርድ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ወረቀት ከአስተማሪዎቿ አንድም ሰው አላየውም። ሰነድ እንዲህ ተጠብቆ ስለተቀመጠልኝ አመሰግናለሁ።

፪. ልጄ አንዲት ትንሽ የዚፕ ቦርሳ ነበረቻት። ውስጧ የደም ስኳር መለኪያ፣ መርፌ፣ ጥቂት ከረሜላና አንድ ፓኮ ብስኩት ነበር። ዘበኛዎ በሁለተኛው ሳምንት በሩ ላይ ፈትሾ መርፌውን «ስለት»፣ ከረሜላውን ደግሞ «በግቢው የተከለከለ ጣፋጭ» ብሎ ያዘባት። ዘበኛውን አልወቅስም፤ ያዘዙትን ነው የፈጸመው። እኔ ስመጣ እርስዎ «ቦርሳዋ በእኔ ቢሮ ይቀመጣል፤ ስትፈልግ መጥታ ትጠይቃለች» ብለው ወሰኑ። በደቂቃዎች ውስጥ አፏ ላይ ስኳር መድረስ ያለበት ልጅ፣ ከክፍሏ ወጥታ፣ ሁለት ፎቅ ወርዳ፣ ክቡርነትዎ የትኛው ስብሰባ ላይ እንደሆኑ አጠያይቃ፣ የበሩ ቁልፍ ከኪስዎ እስኪወጣ መጠበቅ ነበረባት። ትዕግሥትን በዚህ ዕድሜዋ ስላስተማሯት አመሰግናለሁ።

፫. ተማሪዎቹ በአቋሙ ቀጥ ማለት የተነሣ «ማስመሪያው» የሚሉት የሳይንስ መምህር አለ። ሽንት ቤት መሄጃ የእንጨት ምልክት አለው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ተማሪ አንዴ ብቻ ይሰጣል። ስኳሯ ከፍ ባለበት አንድ ማክሰኞ ልጄ ለሁለተኛ ጊዜ እጇን ስታወጣ «ፊኛሽን አሠልጥኚው» አላት፤ ክፍሉ ሳቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ስታወጣ አላያትም። ደወሉ ሲደወል ሁሉም ወጣ፤ እሷ አልተነሣችም። የተቀመጠችበት አግዳሚና ከሥሩ ያለው ወለል ለምን እንደረጠበ ለክቡርነትዎ መዘርዘር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ በክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ስትቀር፣ ወለሉን ያደረቁላት፣ ልጆቹ «እትዬ ባልዲ» የሚሏቸው የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። መወልወያቸውን ጭምቅ እያደረጉ «ባልዲዬ ፈሶብኝ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ» ብቻ አሏት። ልጄ ይህን ለእኔ የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ውሃ መጠጣት አቆመች። ፊኛዋ ሠለጠነ ማለት ነው፤ መምህሩን ያመስግኑልኝ።

፬. ይህን ሰምቼ ሳይሆን፣ ከትምህርት ቤት እየተጠማች መመለሷ ብቻ አስጨንቆኝ ዳግመኛ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ ክቡርነትዎ ችግሩ የግንዛቤ ማነስ መሆኑን ነግረውኝ፣ በማግስቱ በሰልፍ ላይ ግንዛቤ አስጨበጡ። ልጄን መድረክ ላይ ጠሯት። ከስምንት መቶ ልጅ ፊት አቆሟት። እጅዎን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው በድምፅ ማጉያው «ይህች እህታችሁ የስኳር በሽተኛ ናት። ስለዚህ ማንም ሰው፣ ደግሜ እላለሁ ማንም ሰው፣ ከረሜላም ሆነ ጣፋጭ ነገር እንዳይሰጣት! የሰጣት በሕይወቷ እንደቀለደ ይቆጠራል!» አሉ። ስምንት መቶ ልጅ በአንድ ድምፅ «እሺ!» አለ። የሐኪሙ ደብዳቤ ከጀርባዎ ባለው ቢሮ ውስጥ በደማቁ ተቃራኒውን ይናገር ነበር። ድምፅ ማጉያው ግን ከደብዳቤ ይበልጣል። ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ በትምህርት ቤቱ ስሟ ጠፍቶ «ስኳሬ» ሆነ። ቢያንስ የማቆላመጫ ስም ስላገኘች አመሰግናለሁ።

አምስተኛው ላይ ስደርስ፣ ክቡር ሆይ፣ ተራ ቁጥር አላስኬደኝም። ስለዚህ ይቅርታዎን ጠይቄ እንዲያው እንደሆነው እተርከዋለሁ።

የአጋማሹ ፈተና ረቡዕ ዕለት ነበር። ልጄን ጠዋት እንደ ወትሮው መርፌዋን ወጋኋት፤ ቁርሷን በላች፤ ሄደች። የሳይንስ ፈተና ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። በአዲሱ መርሐ ግብርዎ መሠረት የአራት ሰዓቱ ዕረፍት በፈተና ቀን ስለተሰረዘ፣ እስከ አምስት ተኩል ማንም መውጣት አይችልም ነበር። ፈታኙ ማስመሪያው ነበር።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጇን አወጣች። መምህሩ «ምንድን ነው?» ሲላት «ጋሼ፣ ቦርሳዬ ዳይሬክተር ቢሮ ነው፤ ስኳር ልቅመስ» አለችው። «ስኳር የተከለከለ አይደለም እንዴ ላንቺ? እኔንም ልታሞኚ ነው? ተቀመጪ» አላት። ተቀመጠች። አጠገቧ ባለችው ልጅ ኪስ ውስጥ ከረሜላ እንዳለ ታውቃለችና በሹክሹክታ ለመነቻት። ልጅቷም ፈርታ «አልሰጥሽም፣ ትሞቻለሽ» አለቻት። ያቺን ልጅ እንዳይቀጧት እለምናለሁ፤ በሰልፍ ላይ «እሺ» ካሉት ስምንት መቶዎቹ አንዷ ናት፤ ቃሏን ጠበቀች። መምህሩ ግን ሹክሹክታውን ሰምቶ የልጄን ቦታ ቀየረና ብቻዋን ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጣት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጄ አታስታውሰውም። አስታዋሿ ሌላ ሰው ነው።

እኔ ስልክ የተደወለልኝ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሆስፒታል ስደርስ ክቡርነትዎ በአካል ተገኝተው ነበር፤ ይህን ውለታ አልረሳም። እጅዎን አጣምረው «እናት፣ ልጅ ቁርስ ሳይበላ ወደ ፈተና አይላክም» አሉኝ። ራሷን የሳተችው ባዶ ሆዷን በመምጣቷ እንደሆነ፣ መምህራንዎ ባይደርሱላት ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን እንደነበር አስረዱኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በዓይኔ ፊት ቁርሷን የበላችውን ልጅ ተጠራጠርኩ። «ደብቃ ደፍታው ይሆን?» አልኩ። ከክቡርነትዎ ፊት ጎንበስ ብዬ «ይቅርታ ያድርጉልን፤ ሁለተኛ አይለምደንም» አልኩ። እርስዎም ይቅርታ አደረጉልን።

ሦስት ቀን ተኝታ ስትወጣ፣ ቤት ወስጄ ያደረግሁትን ልናዘዝልዎ። ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ጮህኩባት። «ለምን ትዋሺኛለሽ? በልቻለሁ ብለሽ ወዴት ጣልሽው? ልትገዪኝ ነው?» አልኳት። ልጄ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን እያየች ዝም አለች። ዝምታዋን የጥፋት ማመን አድርጌ ወሰድኩትና ቴሌቪዥን እንዳታይ ለአንድ ሳምንት ከለከልኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። ነጠላ ጫማቸው ታጥቦ የጸዳ፣ እጃቸው በክሎሪን የተላጠ፣ በእጃቸው የተጣጠፈ ወረቀት። እኔ አላውቃቸውም፤ እሳቸውም አያውቁኝም። ወንበሩን ሳብኩላቸው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱኝ። ምን ይላል? ከቻልሽም አቤት በዪልኝ» አሉኝ።

ሥራዬ ነውና ዘርግቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። በክቡርነትዎ ፊርማ የወጣ የስንብት ደብዳቤ ነበር። እንዲህ ይላል፤ «ፈተና በመሰጠት ላይ እያለ ያለ ፈቃድ ወደ ክፍል በመግባት፣ የፈታኝን ትእዛዝ በመጣስ፣ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ንብረት የሆነ ስኳር በመውሰድና ለበሽታዋ የተከለከለውን ይህንኑ ንጥረ ነገር አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አፍ ውስጥ በማንኪያ በመጨመር...»

እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ሴትዮዋ ቃሉ የከበደኝ መስሏቸው «ቀስ ብለሽ፣ ግድ የለም» አሉኝ።

«እናቴ፣ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ኮሪደሩን እየወለወልኩ ነበር። በመስኮት ሳይ አንዲት ልጅ ላብ በላብ ሆና፣ እርሳሷን እንደ ማንኪያ ጨብጣ ወረቀቱን ትቧጥጣለች። ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና አሥራ ሰባት ዓመት ስኳር ይዞት ነበር፤ ያን ላብ አውቀዋለሁ። ገብቼ ‹ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ደኅና አይደለችም› አልኩት። ‹ውጪ! ፈተና ላይ ነን፤ አኩርፋ ነው› አለኝ። ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። እኔም ሮጬ የመምህራኑን ስኳር ከነዕቃው አነሣሁት። መሬት ቁጭ ብዬ፣ ራሷን ክንዴ ላይ አድርጌ፣ ገና ዓይኗ ይርገበገብ ነበር፣ ስኳሩን በውሃ አርሼ ድዷን አሸሁላት። ጥቂት ቆይታ ዋጥ አደረገች። ያኔ ነው ነፍስ የዘራችው። እሱ ከላይ ሆኖ ‹አንቺ ሴትዮ፣ ገደልሻት!› እያለ ይጮኻል። እንኳን አልገደልኳት። ግን ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ። የኔ ልጅ፣ ተርፋ ይሆን?»

ክቡር ሆይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ስንት መርዶ አንብቤአለሁ፤ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። ያን ቀን ግን የጽሕፈት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ተነሥተው ጀርባዬን እያሹ «ምነው የኔ እናት፣ ምን ክፉ ነገር ጻፉብኝ?» ይሉኛል፤ ለራሳቸው የመጣ ክፉ ቃል መስሏቸው።

«ተርፋለች። ልጄ ናት» አልኳቸው።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ጠረጴዛዬን ዘግቼ ቤት ገባሁ። ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አገኘኋት። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና «ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እንደዚያ ስጮህብሽ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

እርሳሷን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ጋሼ ዳይሬክተር ሆስፒታል መጥተው አንቺ ሳትደርሺ ‹ለእናትሽ ከነገርሽ ትከሳለች፤ ከከሰሰች ደግሞ እትዬ ባልዲን አባርራቸዋለሁ› አሉኝ። አንቺ ብትቆጪኝ ይሻላል ብዬ ነው» አለችኝ።

ክቡርነትዎ ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ለምስጋናዬ ቃል አላጠረኝም ነበር። እዚህ ላይ አጠረኝ። ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ ከተኛች ከአንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር ውል ተዋዋሉ። እሷ ውሏን እናቷ እየሰደበቻት እንኳ ጠበቀች። እርስዎ ግን በዘጠነኛው ቀን የስንብቱን ደብዳቤ ፈረሙ። ልጆች ለትልቅ ሰው ቃል ምን ያህል መታመን እንዳለባቸው ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት አላውቅምና፣ ልጄ ዕድለኛ ናት።

ሁለቱንም አቤቱታ ጻፍኩ፤ የእትዬ ባልዲንም የእኔንም። ለሴትዮዋ የጻፍኩት ሦስት ገጽ ነበር፤ በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ከአንድ ወር በኋላ ውሳኔ ሰጠ። ስንብቱ «ከጥፋቱ ጋር ያልተመጣጠነ» ሆኖ ስለተገኘ ተሽሮ ሴትዮዋ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። «ጥፋቱ» የሚለውን ቃል ግን መሥሪያ ቤቱ አልነካውም። ክቡርነትዎም ውሳኔውን በጸጋ ተቀብለው፣ ሴትዮዋ ከእንግዲህ ወደ መማሪያ ክፍሎች ሕንጻ እንዳይጠጉና የውጭውን ግቢ ብቻ እንዲጠርጉ መደቧቸው። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያን ላብ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም ከልጆቹ ሃምሳ እርምጃ አርቀው ቅጠል እንዲጠርግ አደረጉት። ይህን የመሰለ አስተዳደር ተፈልጎ አይገኝም።

የእኔ አቤቱታ መልስ ባጭሩ «ትምህርት ቤቱ በቂ ግንዛቤ ማስጨበጡን በሰልፍ መዝገብ አረጋግጠናል» የሚል ነው። ልጄን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ልወስዳት ሞክሬ ነበር። ሁለት ቦታ ሄድኩ። ሁለቱም ጋ መሸኛዋ ላይ በእጅዎ ጽሑፍ የሰፈረውን «ልዩ ክትትል የምትፈልግ፣ ፈተና የምታውክ» የሚለውን ሲያነቡ ክፍሎቹ በድንገት ሞሉ። ስለዚህ እርስዎው ዘንድ ቀርታለች።

ስለ ልጄ ቢጠይቁኝ ደኅና ናት። ከረሜላዋን ካልሲዋ ውስጥ ትደብቃለች። ዘበኛው ሲፈትሻት ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ እጇን ዘርግታ መቆም ለምዳለች። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ አንድ ቀን ቤታችን መጥታ እያለቀሰች «እኔ ነኝ የከለከልኳት» ስትለኝ፣ ሁለቱንም አስቀምጬ ስኳሩ ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ደረጃ በደረጃ አሳየኋቸው። ያቺ ልጅ ዛሬ ከመምህራንዎ ሁሉ የበለጠ ታውቃለች። ልጄ ግን አሁንም ትምህርት ቤት ውስጥ ውሃ አትጠጣም። ይህን ማስተካከል አልቻልኩም። ሌሊት የምመኝላት ነገር አንድ ነው፤ ቀን ሙሉ ሲጠማት ያለ ፍርሃት አንድ ብርጭቆ ውሃ እንድትጠጣ።

በመጨረሻም ለክቡርነትዎ አንድ ነገር ላሳውቅ። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ የሥራ ቦታዬን እቀይራለሁ። ጠረጴዛዬን፣ ሁለቱን ወንበሮቼንና የጽሕፈት መኪናዬን ከትምህርት ቤትዎ ዋና በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጫማ ሠሪ ጎን አስቀምጣለሁ። ጫማ ሠሪው ፈቅዶልኛል። ከጠረጴዛዬ እስከ ልጄ ክፍል በሩጫ ለክቼዋለሁ፤ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ዘበኛው በሩን ከዘጋብኝ ደግሞ ለመጻፍ ሰፊ ጊዜ ይኖረኛል። በትምህርት ቤቱ ላይ ቅሬታ ያለው ማንኛውም ወላጅ ያለ ክፍያ እጽፍለታለሁ ብዬ አንድ ካርቶን ላይ ጽፌ ባለፈው ዓርብ እዚያው ብሞክረው፣ ከደወል በፊት አሥራ አንድ ሰው ተሰለፈ። አንደኛው ስለ አስም፣ ሁለቱ ስለሚጥል በሽታ፣ አንዲት እናት ደግሞ ስለ ልጇ መነጽር ነበር። ማስመሪያው መነጽሩን «ለፋሽን ነው» ብሎ ስለቀማው ልጁ ለሁለት ወር ሰሌዳውን ሳያይ ቆይቷል። ክቡርነትዎ ደብዳቤ የሚወዱ ሰው ስለሆኑ፣ ከእንግዲህ በየቀኑ በብዛት እንደሚደርሱዎት ላበሥርዎ እወዳለሁ።

ለሰጡን ትምህርት፣ ለነፈጉን ስኳር፣ ለጠበቁት ማኅተምና ላልጠበቁት ቃል ሁሉ ጎንበስ ብዬ፣ ከዚያም ቀና ብዬ፣ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎና የማንም እናት ቆሽት እንደ እኔ እንዳያርርብዎ እየተመኘሁ፣ ፊርማዬን አኖራለሁ።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎ እናት
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፡-
ለተማሪ ወላጆች በሙሉ፣ በዋናው በር አጥር ላይ በሚለጠፍ
ለሳይንስ መምህሩ፣ በአክብሮት
ለእትዬ ባልዲ፣ በድምፅ በሚነበብ

ማስታወሻ፡- የልጄ የፈተና ወረቀት ትናንት ታርሞ ደረሰኝ። እስከ አሥራ ሦስተኛው ጥያቄ ድረስ ሁሉንም አግኝታለች፤ ጽሕፈቷም ቀጥ ያለ ነው። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ውሃ ከባሕር ተነሥቶ ዝናብ እስኪሆን ያለውን ሂደት እንድታብራራ ይጠይቃል። መልሱ ላይ ፊደሎቹ ከመስመር እየወጡ፣ እየተደራረቡ ይወርዳሉ፤ እኔ የተበላሸ ጽሕፈት ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ፈጅቼ አነበብኩት። «ጋሼ እጄ እንቢ አለኝ ስኳር ስኳር እባክዎ» ይላል። መምህሩ በቀይ እስክሪፕቶ ኤክስ አድርጎበት ከጎኑ «ከጥያቄው ጋር አይገናኝም፤ ዜሮ» ብሎ ጽፏል። ትክክለኛው መልስ ምን እንደሆነ ቢያስታውቁኝ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ልጄን አስጠናታለሁ።